የጣና ውሃ ሲደፈርስ ነጭ ዓሣ ለምን ይጠፋል? ለአንድ አስጋሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን ያቀረቡት ከባሕር ዳር አቅራቢያ በጣና ዳርቻ በመረብ ዓሣ እያሰገሩ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ክረምቱ ገብቶ ውሃው ሲደፈርስ በመረባቸው የሚገባው ነጭ ዓሣ እየሳሳ ይሄዳል፣ በአንጻሩ አምባዛው ይበዛል፤ ከዚህ ተነሥተውም «ድፍርሱ ውሃ ዓሣ በል የሆነውን ነጭ ዓሣ ዓይኑን እየጋረደ እያስራበው ነው ወይ? ውሃው ቢጠራልን ዓሣው ይመለሳል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «በከፊል አዎ» የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን «እርስዎ በሚያስቡት መንገድ አይደለም» እላለሁ፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ዓሦቹም፣ ብርሃን በውሃ ውስጥ ስለሚሆነው ነገርም ትንሽ መዘርዘር ይኖርብኛል።

በጣና ነጭ ዓሣ ብለን የምንጠራው አንድ ዓሣ አይደለም። በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን በዚህ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ በዋናነት ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። ይህ በራሱ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ጉሮሯቸው ላይ ነው፣ ሆድ ዕቃቸውም እንደ ሌሎች አዳኞች ራሱን የቻለ ጨጓራ የለውም። እንዲህ ያለ አካል ይዘው ወደ አዳኝነት ሊያድጉ የቻሉት ቦታው ክፍት ስለነበረላቸው ነው። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ አጥር ሆኖ በመቆየቱ፣ እንደ ናይል ፐርች ያለ ኃይለኛ አዳኝ ጣና አልደረሰም። ስለዚህ ጣና ውስጥ ከአምባዛ በስተቀር ትልቁ የአዳኝነት ሥራ የተያዘው በእነዚህ ጥርስ አልባ ዓሦች ነው። ዋና ምግባቸውም ትንንሾቹ ባርበሶች፣ ማለትም የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ዓሦች፣ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ታናፔላጊየስ የሚባለው ዝርያ፣ በሐይቁ መካከል እየተንሳፈፈ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን፣ ማለትም ዙፕላንክተንን፣ እየለቀመ ይኖራል። ይህንን የሦስት ደረጃ ሰንሰለት፣ ነጭ ዓሣ፣ ትንሽ ባርበስ፣ ዙፕላንክተን፣ እንዲያስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፤ የመልሴ ዋና ክፍል የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ጣና በተፈጥሮው ጥርት ያለ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የታችኛውን ደለል በቀላሉ ያነሣዋል። በዚያ ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የታረሰ ተራራ አፈር ጠርገው ያስገቡበታል። የውሃ ጥራት የሚለካበት ነጭ ሰሌዳ ወደ ውሃው ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወራል። በክረምት ደግሞ በወንዞቹ መግቢያ አካባቢ ሰሌዳው ገና እንደነከሩት ይጠፋል።

ውሃ ብርሃንን የሚያዳክመው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ብርሃኑን በመምጠጥ፣ ሁለተኛው በመበተን። መምጠጥ ውሃውን ያጨልመዋል። መበተን ግን የባሰ ነገር ያደርጋል፤ በአዳኙና በሚታደነው ዓሣ መካከል የተንሳፈፈው ሸክላማ ደለል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚረጨው፣ ዓሣው ከጀርባው ካለው ውሃ የሚለይበት ብሩህነትና ጥላ አንድ ላይ ይቀላቀላል። በዚህ ምክንያት ድፍርስነትና ጨለማ አንድ ዓይነት ችግር አይደሉም። ለጨለማ መፍትሔው ትልቅ ዓይን ነው፤ ከጣና አዳኞች መካከል ማክሮፍታልመስ የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘውም ከዓይኑ ትልቅነት ነው። ነገር ግን ትልቅ ዓይን ተጨማሪ ብርሃን ይሰበስብ እንደሆነ እንጂ በደለል የተደመሰሰውን የመልክ ልዩነት መልሶ ሊያመጣ አይችልም። በቀትር ፀሐይ ላዩ ብሩህ የሆነ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ያለ አዳኝ ብርሃን ሞልቶለት ሳለ አያይም።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ድፍርሱ ውሃ ሁሉንም ዓሣ እኩል የሚጎዳ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን እንዲህ አይደለም። ደለሉ የሚወስደው የመልክ ልዩነት ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እየተባዛ ይሄዳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ከቅርብ ለሚያይ ግን ኢምንት ነው። ጉም በወረደበት ማለዳ ከፊቱ ያለውን ገበታ አጥርቶ የሚያይ ሰው መንገዱን ማዶ የቆመውን ጎረቤቱን ላያይ ይችላል፤ ጉሙ ለሁለቱም ያው ጉም ነው። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ነጭ ዓሣ በአንጻራዊነት በጠራ ውሃ ትንሽ ባርበስን ከ2 ሜትር ርቀት ያያል እንበል። ትንሹ ባርበስ በበኩሉ አንዲት የዙፕላንክተን ቅንጣትን የሚያየው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳያይ የሚከለክለው የቅንጣቷ ማነስ እንጂ የውሃው ሁኔታ አይደለም። ደለሉ በእጥፍ ቢጨምር የነጭ ዓሣው ዕይታ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የባርበሱ ዕይታ ግን በነበረበት ይቆያል ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ዓሣ የሚያድነው በዙሪያው ባለው ውሃ ሁሉ ስለሆነ፣ የዕይታው ርቀት በግማሽ ሲያጥር በአንድ ጊዜ የሚቃኘው የውሃ መጠን ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። መጠነኛ በሚመስል መደፍረስ አዳኙ አብዛኛውን የማደኛ ሜዳውን ያጣል፤ የሚታደነው ግን ምግቡን እንደ ወትሮው እየለቀመ፣ በተጨማሪም ከአዳኙ ተሸሽጎ ይኖራል።

ይህ ሲባል ግን ሒሳቡ ሁሉ ለአዳኙ ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። ድፍርስ ውሃ ውስጥ የሚታደነውም ዓሣ አዳኙን ቀድሞ አያየውም፤ መሸሽ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዴም ጥንቃቄውን ትቶ ወደ ገላጣው ውሃ ይወጣል። ስለዚህ በድፍርስ ውሃ ውስጥ የሚቀንሰው የመገናኘቱ ብዛት ነው፤ አንዴ በቅርብ ከተገናኙ በኋላ ያለው ጥቃት የግድ አይከሽፍም። እያሳደደ የሚያድን ዓሣ በዚህ ይጎዳል፤ አድፍጦ የሚጠብቅ ዓሣ ግን ያን ያህል አይጎዳም። የጣና ዓሣ በል ነጭ ዓሦች አብዛኞቹ አሳዳጆች ናቸው፤ ቀጠን ረዘም ያለ ቅርጻቸውም ለዚሁ ይመስላል። በመሆኑም ድፍርሱ እነርሱን ይበልጥ ይነካል የሚለው የእርስዎ ግምት ከመሠረቱ የተሳሳተ አይደለም።

አምባዛ በዚህ ረገድ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው። በአፉ ዙሪያ ያሉት አራት ጥንድ ረጃጅም ጢሞች የጣዕም ስሜት ያላቸው ናቸው፣ ቆዳውም ሌሎች እንስሳት የሚያወጡትን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ትንንሽ ዓይኖቹ ምንም ባያዩለትም ይበላል። ምግቡም ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ነፍሳት፣ ዕፅዋት፣ የሞተ ነገር፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ውሃው ሲደፈርስ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ዕይታ ሲያጡ ደግሞ እንዲያውም ሊጠቀም ይችላል።

በአውሮፓ ሐይቆች የታወቀ ተመሳሳይ ነገር አለ። ፓይክ የሚባለው አዳኝ የጠራና የውሃ ውስጥ ዕፅዋት የበዛበት ሐይቅ ይወዳል፤ ዛንደር የሚባለው ደግሞ በዓይኑ ጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው ድፍርስና ደብዛዛ ውሃ ይስማማዋል። ብዙ ሐይቆች በእርሻ ማዳበሪያና በከተማ ፍሳሽ ምክንያት አረንጓዴ ሲሆኑ ፓይክ እየቀነሰ ዛንደር ተተክቷል። እዚያም ቢሆን አዳኝ ዓሣ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ የተለወጠው የትኛው አዳኝ ይኑር የሚለው ነው።

በነገራችን ላይ፣ «አዳኝ ዓሣ ቢበዛ ውሃው ራሱ ይጠራል» የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ሲነገር እሰማለሁ። ይህ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በአውሮፓ ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆች ላይ አዳኙ ትንንሽ ዓሦችን ሲቀንስ፣ ዙፕላንክተኑ ይበዛል፣ ዙፕላንክተኑም አልጌውን፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር፣ ይበላል፣ ውሃውም ይጠራል። ጣናን የሚያደፈርሰው ግን በዋናነት ሸክላ ነው። ዙፕላንክተን ሸክላን በልቶ አያጠፋም። በባሕር ዳር ሰላጤ ከከተማው በሚገባው ፍሳሽ ምክንያት አልጌ የሚበዛባቸው ጊዜያት መኖራቸውን አልክድም፣ ለእነዚህ ቦታዎች ነገሩ ይለይ ይሆናል፤ ለሐይቁ በጠቅላላው ግን አዳኝ ጨምሮ ውሃ ማጥራት የሚባለው መንገድ የሚሠራ አይመስለኝም። ወደ ጣና የሌለ አዳኝ ማስገባትን በዚህ ሰበብ የሚያነሣ ሰው ካለም በግልጽ እቃወማለሁ፤ ፏፏቴው የጠበቀልንን ነገር በገዛ እጃችን ማፍረስ ይሆናል።

አሁን ወደ እርስዎ መረብ እንምጣ። በክረምት ነጭ ዓሣ የሚሳሳው ስለተራበ ወይም ስላላየ ነው ብለው ካሰቡ፣ አንድ የማይገጥም ነገር አለ። የሚወጠር መረብ የሚይዘው ዓሣው ሳያየው ሲቀር ነው፤ ውሃው ሲጠራ ዓሣው መረቡን ለይቶ ይዞራል፣ ሲደፈርስ ግን ሳያውቅ ይገባበታል። የተራበ አዳኝም ምግብ ፍለጋ አብዝቶ ስለሚዋኝ መረብ የመምታት ዕድሉ ይጨምራል። ድፍርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነጭ ዓሣው በክረምት ከወትሮው በላይ እንጂ በታች ሊያዝልዎ አይገባም ነበር። መረብዎ ከበፊቱ ይልቅ ተሰውሮ እያለ ባዶውን የሚወጣ ከሆነ፣ ዓሣው በዚያ ቦታ የለም ማለት ነው።

የትስ ሄደ? ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። መጀመሪያ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያም ወደ ላይ እየወጡ ከዋናው ወንዝ ወደሚገቡ ትንንሽ ጅረቶች ይደርሳሉ። በጉማራ ወንዝ በተደረጉ ጥናቶች ከስምንቱ ዓሣ በሎች ቢያንስ አምስቱ፣ አኩቲሮስትሪስ፣ ማክሮፍታልመስ፣ ሜጋስቶማ፣ ፕላቲዶርሰስና ትሩቲፎርሚስ፣ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዙ እንደሚወጡ ታይቷል። አምባዛው በተቃራኒው በዚያው ሰሞን እንቁላል ለመጣል ጎርፍ ወደ ሸፈነው ደንገላማና ሣራማ ዳርቻ ይጠጋል፤ እርስዎ መረብ ወደሚዘረጉበት አካባቢ መጣ ማለት ነው። እርስዎ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ሁለቱ ዓሦች በአንድ ወቅት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሚጓዙና ውሃውም በዚያው ወቅት ስለሚደፈርስ፣ ምክንያቱ መደፍረሱ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም።

የውሃ ጥራት ለነጭ ዓሣ ከሁሉም በላይ ወሳኝ የሚሆነው፣ በእኔ አመለካከት፣ በእነዚያ ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ነው። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት፣ ፈጥኖ በሚፈስና በጠራ ውሃ ነው። እንቁላሎቹ በጠጠሮቹ መካከል ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ውሃም ኦክስጅን ያደርስላቸዋል። ደለል በጠጠሩ ላይ ሲተኛ ያ መተላለፊያ ይደፈናል፤ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል፣ የተፈለፈለው ጫጩትም መውጫ ያጣል። ሐይቁ ውስጥ ያለ ትልቅ አዳኝ በድፍርስ ሳምንት ሲሳይ ቢያጣ በጠራው ሳምንት ያካክሳል፤ የተደፈነ ጠጠር ግን የዚያን ዓመት ትውልድ ይዞ ይሄዳል። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ፣ ገደሉ ድረስ ከታረሰ ተዳፋት አፈር ተሸክመው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። ከወንዞቹ ወለል አሸዋና ጠጠር ለግንባታ መወሰዱም ጉዳት አለው፤ ጠጠሩ ራሱ ይሄዳል፣ በቁፋሮው የሚነሣው ደለልም ከታች ባለው ጠጠር ላይ ይተኛል። በወንዞች አፍ የነበረው የደንገል ረግረግ ለእርሻ ሲመነጠር ደግሞ ደለሉን የሚያጣራው ነገር ይቀንሳል፤ ይህኛው ጉዳት በአብዛኛው ለሐይቁ ዳርቻ ነው።

ሆኖም ለነጭ ዓሣ መመናመን ደለልን ብቻ ተጠያቂ ባደርግ ሐቀኛ አልሆንም። በባሕር ዳር ሰላጤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ በተካሄደ ክትትል ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል፤ አጥኚዎቹም ዋናው ምክንያት ሊሆን የሚችለው እንቁላል ሊጥል በወንዞች አፍ በተሰበሰበው ዓሣ ላይ የሚጣለው መረብ ነው ብለው ደምድመዋል። በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ የሚካሄደው የንግድ ማስገር ጣና ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ከዚያ በፊት በታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ይሰገር ስለነበር ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰበውን ዓሣ በብዛት የሚነካው አልነበረም። ድፍርሱ የሐይቁ የቆየ ባሕርይ ነው፤ አዳኞቹ ዝርያዎችም ከእርሱ ጋር ኖረው መጥተዋል። ከመጠን በላይ የሆነው መረብና የተደፈነው ጠጠር ግን አዲስ ናቸው፣ ሁለቱም የሚመቱት ዓሣው ሊራባ በወጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ «ውሃው ቢጠራ ይመለሳል ወይ» ለሚለው፣ የሐይቁ ውሃ ነገ ቢጠራ እንኳ በወንዝ አፍ ያለው መረብ ካልተነሣ ነጭ ዓሣው አይመለስም ብዬ እመልሳለሁ።

ይህን ሁሉ ግን በእኔ ቃል ብቻ እንዲቀበሉ አልፈልግም፤ እርስዎ ራስዎ በቀላሉ ሊፈትሹት ይችላሉ። የጣሊያኑ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር የሞከረው መለኪያ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ነው። ክብ ቆርቆሮ ወይም ክዳን በአራት ከፍለው ተራ በተራ ነጭና ጥቁር ቀብተው፣ ከሥሩ ድንጋይ አስረው፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባለበት ገመድ ያንጠልጥሉት። በቀትር ገደማ ከጀልባው ጥላ ባለበት ወገን ያውርዱት፤ ሲጠፋና መልሰው ሲስቡት ብቅ ሲል ያለውን ጥልቀት ወስደው የሁለቱን አማካይ ይጻፉ። ከጎኑ የተዘረጋውን መረብ ርዝመትና ዓይን፣ ያደረበትን ጥልቀት፣ የገባውን ነጭ ዓሣና አምባዛ ለየብቻ፣ እንዲሁም ነፋስ ነበረ አልነበረም የሚለውን ያስፍሩ። መረብዎ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚነሣ ከሆነ፣ ጨረቃ መኖር አለመኖሯን መጻፍም ይጠቅማል፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ውሃው ጠራም ደፈረሰም ዓሣው መረቡን አያየውም።

ዋናው መፈተኛ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ተመልሷል፣ ዝናብም የለም፤ ሐይቁን የሚያደፈርሰው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ አደፍርሶት ሰሌዳው ቶሎ በሚጠፋባቸው ቀናት ነጭ ዓሣው ጸጥ ካሉት ቀናት ያነሰ የሚገባልዎ ከሆነ፣ መደፍረሱ ራሱ ዓሣውን ያርቀዋል የሚለው ግምትዎ ትክክል ነው፤ እኔም መልሴን አሻሽላለሁ። በነፋሻማዎቹ ቀናት እኩል ወይም ከዚያ በላይ የሚገባ ከሆነና መሳሳቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብቻ ከታየ ግን፣ ዓሣው በዚያ ወቅት በጉማራና በርብ አፍ ነው ያለው፤ የማኅበርዎ አባላትም በመጀመሪያ ሊነጋገሩበት የሚገባው በእነዚያ ወራት በእነዚያ ቦታዎች መረብ ስለሚጥለው ሰው ነው።